ቤዙ የት ገባ?

የአዲስ አበባ ጆሮ ቤዝ የተማረው ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ነው። ከኋላ ወንበር ሥር የተቀበረው ሳብዉፈር ሥራ ሲጀምር ዘፈኑ በጆሮ በኩል አይመጣም፤ ከመቀመጫ ይነሣና በአከርካሪ ወጥቶ ጥርስ ላይ ያርፋል። "ወራጅ አለ!" ብትል የሚሰማህ ስለሌለ ፌርማታህን አልፈህ ትወርዳለህ፤ ያም ሆኖ ብዙ ቅር አይልህም፣ ዘፈኑ ገና አላለቀማ። የቀረውን ትምህርት የሠርግ ቤት ሞንታርቦ ይጨርሰዋል። ድንኳን ውስጥ ከሞንታርቦው ሥር ቦታ የደረሰው እንግዳ የጠጅ ብርሌውን በእጁ ደግፎ ነው የሚያመሸው።

በዚህ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ነው እንግዲህ ጀርባው ክፍት የሆነ ፕላናር ሄድፎን ያስመጣው።

ወዳጄ ነው። ዕቃውን ሜሪላንድ የምትኖር የአክስቱ ልጅ ለእናቱ ከተላከው ቫይታሚንና ከሕፃን ጫማ መሃል ሸጉጣ አመጣችለት። ዋጋውን ለቤተሰቡ የተናገረው አንድ ዜሮ ቀንሶ ነው። እናቱ በተቀነሰውም ደንግጠው "በዚህ ብርማ ጆሮውን ራሱ ይለውጡልህ ነበር" አሉት። እሱ አልሰማቸውም፤ ሳጥኑን እየከፈተ ነበር።

ከሱ ቀጥሎ የሞከረው ታናሽ ወንድሙ ነው። ልጁ ሄድፎኑን ራሱ ላይ ደፋ፣ ዐይኑን ጨፈነ፣ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ አውልቆ ውስጡን እያገላበጠ ያይ ጀመር።

"ምን ጠፋብህ?"

"ቤዙ የት ገባ?"

የወዳጄን እንቅልፍ የነሣችው ይህች ጥያቄ ናት።

በልጁ ላይ ከመፍረድ በፊት ዕቃውን ገልጦ ማየት ነው። ተራ ሄድፎን ውስጥ ያለው የምናውቀው ስፒከር ታናሽ ወንድም ነው፤ ሾጠጥ ያለ ስስ ፕላስቲክ፣ ከሱ ጋር የተጣበቀ የሽቦ ጥቅል፣ ከኋላው ማግኔት። ጥቅሉ ሲገፋ እሱ የያዘው ቦታ ይሄዳል፣ ሌላው ይከተላል። ፕላናር ጥቅል የለውም። ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ሽፋን ላይ የኤሌክትሪክ መስመር ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ይታተምበትና በተደረደሩ ማግኔቶች ፊት ይወጠራል። ኤሌክትሪኩ ሲያልፍ ሽፋኑ ከዳር እስከ ዳር አንድ ላይ ይሄዳል፣ አንድ ላይ ይመለሳል። ብርድ ልብስን አንድ ሰው መሃሉን ጨብጦ ሲያራግፈውና ቤተሰቡ ሁሉ ዙሪያውን ይዞ ሲያራግፈው ያለው ልዩነት ነው። ማግኔቶቹ ግን ይከብዳሉ። ከ600 ግራም በላይ የሚመዝን ፕላናር አለ፤ አንድ ሙሉ አልበም ሰምቶ የተነሣ ሰው የሚያሸው ጆሮውን ሳይሆን ማጅራቱን ነው።

ነገሩ የትናንት ግኝትም አይደለም። ያማሃ የዚሁ ዘር የሆነውን ኤችፒ-1 ሄድፎን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የነደፈው ጣሊያናዊው ማሪዮ ቤሊኒ ነው፤ የኦሊቬቲን የሒሳብ መኪናዎች የነደፈው ያው ሰው። በኦሊቬቲ ደብዳቤ ሲመቱ ለኖሩት ለኛ መሥሪያ ቤቶች ሄድፎኑ የሩቅ ዘመድ ይሆናቸዋል ማለት ነው።

ጀርባው የተከፈተውም በስስት አይደለም። ሽፋኑ ወደ ፊት የገፋውን አየር ያህል ወደ ኋላም ይገፋል። ጀርባው ቢደፈን የኋላው ድምፅ ከክዳኑ ነጥሮ ይመለስና የፊቱን ያበላሽበታል። ስለዚህ ወንፊት ብቻ አድርገው ለቀቁት። ሲያዳምጡት ዘፋኙ ጭንቅላት ውስጥ ተጨናንቆ ሳይሆን ውጭ ሰፋ ብሎ የቆመ ይመስላል። ዕዳው ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አብሮ መስማቱ ነው፤ የብረት በር ሲዘጋ፣ ቆራሌው ሲጣራ፣ ሁሉም ሳያንኳኳ ይገባል። ለጎረቤት የሚደርሰው ድምፅ ግን የተበላሸ ነው። ያቺ የምታህል ሽፋን ወፍራም ድምፅን ክፍል አሻግራ የመግፋት አቅም የላትም፤ ቀጭኑ ብቻ አምልጦ ይሄዳል።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ቤዙ አለ። ደህና ፕላናር የሰው ጆሮ ወለል እስከሚባለው እስከ 20 ኸርዝ አካባቢ ሳይደክም ይወርዳል። የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ላይ ናት፤ ከሷ ሥር ገና ምድር ቤት አለው ማለት ነው። ጀርባቸው ክፍት ከሆነ ተራ ሄድፎኖች ብዙዎቹ እዚያ ሳይደርሱ ነው ትንፋሽ የሚያጥራቸው። ፕላናሩ ታዲያ ይወርዳል እንጂ አይጨምርም። የተቀዳውን ያህል ሰጥቶ ዝም ይላል፤ የሰው ልጅ ደግሞ በተቀዳው ልክ ረክቶ አያውቅም። የድምፅ ዕቃ አምራቹ የሃርማን ተመራማሪ ሾን ኦሊቭና ባልደረቦቹ አድማጮችን አስቀምጠው የቤዙን መጠን ራሳችሁ አስተካክሉ ሲሏቸው፣ አብዛኞቹ በሄድፎን ቤዙን ከቀጥታው መስመር ጥቂት ዴሲቤል ከፍ አድርገው እንደሚወዱ አይተዋል። አንዱ ምክንያት ቤት ውስጥ የተቀመጠ ስፒከር ከግድግዳና ከጥግ የተመረቀ ቤዝ ስለሚያገኝ ነው፤ ጆሯችን የለመደው ምርቃቱን ጨምሮ ነው። ሌላው ምክንያት ሚኒባሱ ነው። ስፒከር አየሩንም ወንበሩንም ሰውነትንም ይነቀንቃል፤ ሄድፎን የሚነቀንቀው ጆሮ ደጃፍ ላይ ያለችውን ጭብጥ አየር ብቻ ነው። አከርካሪው፣ ጥርሱ፣ ብርሌው ከሒሳቡ ወጥተዋል። ልጁ የፈለገው ቤዝ ግማሹ ድሮም ጆሮው ውስጥ አልነበረም።

ወዳጄ በዚህ አልተጽናናም። በዚህ በሄድፎን በሽታ የተያዙ ሰዎች ቤዝ ሲጠፋ የሚጠረጥሩት አምፕሊፋየሩን ነው።

"ተርቦ ነው" አለኝ አንድ ማታ፣ ሄድፎኑን እያሻሸ። "ስልክ አይችለውም።"

በባዶ ሜዳ የተናገረው አይደለም። ፕላናሮች መካከል በእውነት የማይጠግቡ አሉ። የሃይፊማን ኤችኢ-6 በ1 ሚሊዋት የሚያወጣው ድምፅ 83.5 ዴሲቤል ብቻ ነው። ሙዚቃው ሲገነፍል 110 ዴሲቤል ይድረስ ብትለው ወደ 450 ሚሊዋት ይጠይቅሃል፤ በ50 ኦህም ሲሰላ 4.7 ቮልት ገደማ። ይህን ተራ ስልክ አያወጣውም። ባለቤቶቹ ጨንቋቸው ለሳሎን ስፒከር ከተሠራ አምፕሊፋየር ጋር በቀጥታ ያገናኙታል፤ ዕቃው በዚህ ነው ስሙ የወጣው። የወዳጄ ሄድፎን ግን 94 ዴሲቤልና 37 ኦህም ነው። ለዚያው ለ110 ዴሲቤል የሚበቃው 40 ሚሊዋት፣ 1.2 ቮልት ነው። ስልክን ከሄድፎን ጋር የሚያገናኘው ጣት የማያህል ሽቦ 1 ቮልት ያህል ካወጣ የጎደለው ከ2 ዴሲቤል አይበልጥም። 110 ዴሲቤል ደግሞ ቁጭ ብለው የሚያዳምጡት ሳይሆን ጆሮን ይዘው የሚሸሹት ነው። ወረቀት ላይ ሠርቼ አሳየሁት። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተውና "ቁጥር ሌላ፣ ሙዚቃ ሌላ" አለኝ።

አንደኛው አምፕሊፋየር መጣ። ትንሽ ቆይቶ ይህኛው "ደረቅ" ሆነ፣ ሌላ ገዛ፤ ያኛው "ሞቃት" ነው ተባለ። ሞቃት ሲባል የሚያሞቅ መስሎኝ እጄን አስጠግቼ ነበር፤ እውነትም ያሞቃል። እንደ ድሮው ራዲዮ ውስጡ የመስታወት ቱቦ የሚያበራ ነው። ሲያዩት ያምራል፣ መብራት አጥፍተው ሲያዩት ደግሞ ይብሳል። ለምን ለሱ ሄድፎን እንደማይሆን ላስረዳው ሞከርኩ። ብዙ ባለ ቱቦ አምፕሊፋየሮች መውጫቸው ላይ የራሳቸው ከፍ ያለ መቋቋም አላቸው። ባለ 300 ኦህሙ ዓይነት ተራ ሄድፎን ቤዙ አካባቢ መቋቋሙ ከፍ ስለሚል እዚያ ላይ ከሌላው የበለጠ ቮልት ይደርሰዋል፤ ቤዙ ያብጣል፣ ሰውም "ሞቀ" ይላል። የፕላናር መቋቋም ግን ከታች እስከ ላይ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ዓይነት የሆነውን ነገር ከየትኛውም አምፕሊፋየር ጋር ብታጣምረው የሚቀንስብህ ሁሉንም እኩል ነው፤ ቤዙን ለይቶ የሚያሳብጥበት መንገድ የለውም። እንዲያውም ትራንስፎርመር የሌለው የቱቦ አምፕሊፋየር ኦህሙ ዝቅ ላለ ሄድፎን የሚሰጠው ከረንት ያጥረዋል። ወዳጄ አዳመጠኝ። ከዚያ ቱቦውን አሞቀውና "ስማው" አለኝ።

ለፍትሕ ያህል እሱ የሚሰማው ነገር ሙሉ በሙሉ ቅዠት አይደለም። ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን መጀመሪያ የሚጥለው ቤዙን ነው፤ ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላብራቶሪ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ጽፈውታል። ጉልበተኛ አምፕሊፋየር ስትሰካ ቮልዩሙ ያው ቦታ ላይ ሆኖ ድምፁ ከፍ ይላል፤ ከፍ ሲል ቤዙ ይመጣል፤ ሰውየውም አምፕሊፋየሩን ያመሰግናል። አቅም ያነሰው አምፕሊፋየር ላይ ደግሞ ቮልዩሙን እስከ ጥግ ካዞርከው ቀድሞ የሚሰነጠቀው ከበሮው ነው። በቂ ኃይል ያስፈልጋል። እኔ የምከራከረው ከበቂው በኋላ ላለው ነው።

ክርክራችንን ይዘን ሰፈራችን የድሮ ቴፕና ቴሌቪዥን ወደሚጠግኑ አዛውንት ሄድን። ጋሼ እንላቸዋለን። መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዐይናቸው አወረዱ፣ ሁለቱን አምፕሊፋየር አዩ፣ ወዳጄን አዩ፣ ከመሳቢያ ቴስተራቸውን አወጡ። አንድ ወጥ ፉጨት አስከፈቱና በየተራ መውጫው ላይ ቮልቱን ለክተው ሁለቱንም እኩል አደረጓቸው። "ከአሁን በኋላ ቮልዩም የነካ ከሱቄ ይወጣል" አሉ። ወዳጄን ጀርባውን አዙረው በርጩማ ላይ አስቀመጡት፤ እኔ እርሳስና ወረቀት ይዤ በሩ ጋ ቆምኩ።

ጋሼ ሶኬት ይነቅላሉ፣ ይሰካሉ። አንዳንዴ ይቀይራሉ፤ አንዳንዴ የነቀሉትን መልሰው እዚያው ይሰካሉ። ወዳጄ በየመሃሉ ይፈርዳል።

"ይሄ ደረቁ ነው።" ሞቃቱ ነበር።

"አሁን መጣ! ቤዙ ተከፈተ፣ መድረኩ ሰፋ፣ ከበሮው ብቻውን ቆመ!"

ጋሼ አልሳቁም። "ጎሽ" አሉ፤ "እኔ የነቀልኩትን ነው መልሼ የሰካሁት።"

ወዳጄ ዞር አለ። ወረቀቴን ተቀብሎ ምልክቶቹን አንድ በአንድ አየ። "የዛሬው መብራት ንጹሕ አይደለም" አለ በመጨረሻ፤ "መብራቱ ካልጸዳ አምፕ ራሱን አይገልጥም።"

"እኔስ መኖሩ ነው የሚገርመኝ" አሉ ጋሼ።

ከዚያ ነው ሁለቱን መዳፋቸውን ሄድፎኑ ላይ ጭነው ወደ ጭንቅላቱ ጫን ያደረጉት። ወዳጄ በርጩማው ላይ ዘለለ። ቤዙ መጣ፤ እንዲህ ያለ ቤዝ ከዚህ ዕቃ ሰምቶ አያውቅም። መዳፋቸውን ሲያነሡ ሄደ፣ ሲጭኑ መጣ። ጥፋተኛው ወዳጄ ያደረገው መነጽር እግር ነበር። ትራሱና ጆሮው ግርጌ መካከል ስንጥቅ ከፍቶ አየሩን ያሾልካል፤ አየር ሲሾልክ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚከዳው ከታች ያለው ድምፅ ነው። ፕላናር ጀርባው ክፍት ይሁን እንጂ ፊቱ ከጆሮ ጋር ገጥሞ እንዲዘጋ ይፈልጋል። እህቱ ሹሩባ የተሠራች ሰሞን "ይሄ ነገር ተበላሽቷል" ብላ የጣለችውም ለዚህ ኖሯል። የታናሽ ወንድሙ አፍሮ ደግሞ ለብቻው ሌላ ምዕራፍ ነው።

መፍትሔው መነጽሩን ማውለቅ ነው። ካወለቀው ግን አምፕሊፋየሩ አይታየውም። ያን ያህል ብር የፈሰሰበትን፣ ማታ ማታ የሚያበራውን ቱቦ ሳያዩ መስማት ደግሞ ለሱ ግማሽ ጾም ነው። አሁን እየቀያየረ ነው፤ አንድ ዘፈን ያያል፣ አንድ ዘፈን ይሰማል።

ጋሼ ስንወጣ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። "ኢኳላይዘር የለውም እንዴ?"

ወዳጄ ሃይማኖቱን የተሰደበ ያህል ቀላ። ኢኳላይዘር እንደሱ ባሉት ዘንድ ነውር ነው፤ የተቀዳውን መበረዝ ይሉታል። አባቱ ግን ቴፓቸው ላይ የተደረደሩትን መግፊያዎች ግራውንና ቀኙን ወደ ላይ፣ መሃሉን ወደ ታች አድርገው ነው የኖሩት፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነበር፣ መግፊያውን ቀጥ አድርጎ የሚያዳምጥ ቤት ካለ ቴፑ አዲስ ነው ወይም ሰውየው ደንታ የለውም። ዛሬ ያ መግፊያ በነፃ ፕሮግራም ሆኖ ስልክም ኮምፒዩተርም ላይ አለ። ከ105 ኸርዝ አካባቢ በታች ያለውን 5 ወይም 6 ዴሲቤል ከፍ ማድረግ ነው። ፕላናር ይህን ሲጭኑበት አያጉረመርምም፤ ብዙውን ጊዜ ቤዙ ላይ የድምፅ መዛባቱ ትንሽ ስለሆነ ሳይሰበር ይሸከማል። እንዳይሰነጠቅ ግን አጠቃላይ ድምፁን በዚያው ልክ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፣ ከዚያ መልሶ በቮልዩም ማንሣት። ደስ የሚለኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ 6 ዴሲቤል ጭማሪ ቤዙ ላይ 4 እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። ወዳጄ ያን ሁሉ ሚሊዋት የሰበሰበበት ምክንያት የተገኘው እሱ በማይነካው መግፊያ ላይ ነው። አምፕሊፋየሩ ሥራ ሊያገኝ ሲል ጌታው ከለከለው።

የማይቀናውም ነገር አለ። ወዳጄ የሚወደው ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራው ኧረ መላ መላ ነው፤ የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮ የሚያደርገውን ለመስማት ነው አንገቱን የሚቀጣው። ደህናውን ቅጂ ሲያገኝ ክሯ ስትረገጥና ስትለቀቅ እንኳ ይለይለታል። ስልኩ ላይ የሞላው ግን ከሙዚቃ ቤት ካሴት፣ ካሴቱ ከሌላ ካሴት እየተገለበጠ የመጣ ነው። እዚያ ላይ ጆቫኒ የለም፤ ያለው የሪባን ሹክሹክታ ነው። ከሌለበት ቦታ ቤዝ የሚያወጣ አምፕሊፋየር ቢኖር እኔም እበደር ነበር።

በገና ሲመጣ ግን አልቀልድበትም። 10 የጅማት ክር፣ ከክሩና ከመቀመጫው መሃል የገባችው የቆዳ እንዝራ፣ ከዚያ የሚነሣው ያ ረጅም ንዝረት። በተራ ሄድፎን ሁሉም ተደባልቆ አንድ ጉምጉምታ ይሆናል። በዚህኛው፣ መነጽሩ ወልቆ፣ ፊቱ ገጥሞ፣ የዓለሙ አጋ ጣት ክሩን ስትነካና ቆዳዋ ስትመልስ ለየብቻ ይመጣል። ወፍራሙም ክር እስከ መጨረሻው ይወርዳል። ሰምቼ ስመልስለት ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ዋጋው አላነሣሁበትም።

ያን የሰማነው በሁዳዴ አንድ ማታ ነው። እናቱ ከክፍሉ ወዲያ ማዶ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ቀና አሉ።

"አንተ ልጅ፣ በሁዳዴ ክራር?"

"በገና ነው እማዬ።"

"በገና አጥቼው ነው? ክራር ነው። ጓደኛህም እዚህ ተቀምጦ ዝም ይላል።"

ወዳጄ ተነሥቶ ሄድፎኑን እንደ ቅዱስ ዕቃ በሁለት እጁ ይዞ ሄደ፤ ሻሻቸውና ነጠላቸው ላይ ደፋላቸው። እሳቸው እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሳርፈው፣ ለእግዜሩም ለልጃቸውም ብለው፣ እስኪበቃቸው አዳመጡ። አውልቀው መለሱለት።

"ይኸው ክራር ነው አልኩህ!"

ወዳጄ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አየህ? ኃይል አንሶታል።"